የቀይ ባሕር ዓሣ ለደሴ ሳሎን፦ የትኛው ይሁን?

ከጅዳ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ መቼ ትሄጃለሽ እና ዓሣው እንዴት ነው። ስድስት ዓመት የሠራሁበት ቤት ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ገንዳ ነበር። ዓሣዎቹ የእመቤቲቱ ናቸው፤ መመገቡ፣ መስታወት መወልወሉና ውሃ መቀየሩ ግን የኔ ሥራ ነበር። ፎቶ እየላክሁ ዘመድ አዝማዱን አስለምጄው ኖሯል። አሁን ሸዋ በር አካባቢ ቡና ቤት የከፈተው የአክስቴ ልጅ «እታለም፣ ያቺን ሰማያዊዋን፣ ሌሎቹን ዓሣዎች የምታጸዳዋን አስመጭልኝ፤ ደንበኛ ትሰበስብልኛለች» እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል። «ወንድም ጋሼ፣ እሷን ተዋት» ስለው ነገሩን የነፈግሁት ይመስለዋል። ይህን የምጽፈው ለሱና እንደሱ ለቋመጡት ነው።

ስለ አንድ የዓሣ ቤተሰብ ብቻ ነው የማወራው። በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት ስም (wrasse) በኛ ፊደል ሲጻፍ «ራስ» ሆኖ ያርፋል። አይጠየፍ አዳራሽ በቆመበት ከተማ «ራስ» ሲባል ትዝ የሚለን ራስ ሚካኤል ስለሆኑ፣ ጀርመኖች «የከንፈር ዓሣ» እንደሚሏቸው እኔም ከንፈራም እላቸዋለሁ። ከንፈራቸው በእርግጥም ወፍራም ነው። ከ500 በላይ ዝርያ አላቸው፤ ጣት ከማይሞላው ጀምሮ ከሰው ቁመት እስከሚበልጠው። ጅዳ ገበያ ሄዶ «ሐሪድ» የገዛ ሰው ዘመዳቸውን በልቷል፤ ሳይንቲስቶች ዛሬ ሐሪድን የዚሁ ቤተሰብ ቅርንጫፍ አድርገው ይቆጥሩታል።

ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሲዋኙ ጅራታቸውን አይወዘውዙም፤ ሁለቱን የጎን ክንፎች እንደ መቅዘፊያ ያርገበግባሉ፤ ጅራቷ የሚነሣው ሲሸሹ ወይም ሲያሳድዱ ነው። ከአፋቸው ጥርስ ሌላ ጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ አለ፤ ከፊት ይነቅላሉ፣ ከኋላ ይፈጫሉ፤ ቀንድ አውጣ ከነዛጎሉ ይደቅቃል። ቀን ይሠራሉ፣ ማታ ይተኛሉ። ብዙዎቹ ሴት ሆነው ይጀምሩና ኋላ ወንድ ይሆናሉ። ምርጫችሁን የሚወስኑት እነዚህ ጠባዮች እንጂ ቀለሙ አይደለም። በተለይ አተኛኘታቸው፤ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ቤቱን እንይ

ጅዳ ባሕሩ ላይ ናት። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍ ብላ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃችን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው፣ ባቄላውም አልበስል እያለ የሚያስቸግረው በዚሁ ነው። አየሩ ሲሳሳ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሞቅ ያለና ጨዋማ ውሃ ደግሞ ድሮውንም ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ጅዳ አሥር ዓሣ የሚኖርበት ገንዳ ደሴ ላይ ሰባት ቢይዝ ነው፤ እሱም ፓምፑ የውሃውን ፊት ሌት ተቀን እያናወጠው።

ሁለተኛው ብርድ ነው። እነዚህ ዓሣዎች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ። የኅዳርና የታኅሣሥ የደሴ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለናንተ አልነግራችሁም። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ማለት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሙቀቱም አየሩም አብረው ይሄዳሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያልገዛ ሰው ዓሣ አይግዛ። ገንዳውንም በብርድ ልብስ መጠቅለል ያዋጣል፤ ውሃ ብዙ ከሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፤ አየሩም ትንሽ ወፈር ይላል። ቤትም ሱቅም በሁለቱም ከተማ ያላችሁ ሰዎች ገንዳውን ኮምቦልቻ አድርጉት።

«ጨው እንደሁ ሞልቶናል» ይሉኛል። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። የባሕር ውሃ ከገበታ ጨው ሌላ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ሌላም አለበት፤ ለገንዳ ተብሎ የተቀመመ ጨው ያስፈልጋል። በአንድ ሊትር 35 ግራም ነው (ቀይ ባሕር ራሱ ወደ 40 ይጠጋል)። ለ200 ሊትር ገንዳ ገና ስትጀምሩ 7 ኪሎ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያም ውሃ በቀየራችሁ ቁጥር። ውሃው ተንኖ ሲጎድል ግን የምትጨምሩት ጨው የሌለበት ውሃ ነው፤ ጨው አይተንም። ይህን ባለማወቅ የመጀመሪያውን ወር ጨዋማ ውሃ ስጨምር ሰነበትሁና እመቤቲቱ በጩኸት አስተማረችኝ።

አጽጂው፦ ሁሉም የሚፈልገው፣ እኔ የማልመክረው

ከራሱ እስከ ጅራቱ ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ ወደ ጅራቱ ሰማያዊ የሚሆን፣ ጣት የሚያህል ዓሣ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ላብሮይደስ ዲሚዲያተስ። ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ) ላይ አንድ ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ ደንበኞቹ፣ ተባያቸው እንዲለቀምላቸው የሚሹት ሌሎች ዓሣዎች፣ እየመጡ ይሰለፋሉ። አዋዋኘቱ ጭፈራ ይመስላል፤ ወደ ላይ ወደ ታች እየተወዛወዘ «እኔ ነኝ» ይላቸዋል። ትልልቁ ሥጋ በል ዓሣ እንኳ አፉን ከፍቶለት ይቆማል፤ ገብቶ ጥርሱን ለቅሞለት ይወጣል። በአውስትራሊያው ታላቅ ኮራል ላይ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደረገ ጥናት አንዱ አጽጂ በቀን 1,200 ያህል ተባይ እንደሚለቅም፣ ከ2,000 በላይ ጊዜም ደንበኛ እንደሚጎበኝ ቆጥሯል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። አጽጂው የሚወደው ተባዩን ሳይሆን የደንበኛውን ልጋግ (ገላውን የሚሸፍነውን ሙልጭልጭ ነገር) ነው። ልጋጉን ሲነክሰው ደንበኛው ይሰፈነጠራል፤ ያን ስታዩ አጭበረበረ ማለት ነው። ሌሎች ደንበኞች ቆመው እያዩት ከሆነ ግን ሥራውን በሐቅ ይሠራል። ወንዱና ሴቷ አብረው አንድ ደንበኛ ሲያጸዱ ሴቷ ከነከሰች ወንዱ ያሳድዳታል፤ ደንበኛው ሄዶ እራቱ እንዳይጎድልበት ነው። ሰኞ ገበያ የከረመ ነጋዴ ይህን ሁሉ ያውቀዋል።

በ2019 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኦሳካ ያሉ ተመራማሪዎች እነዚሁን ዓሣዎች መስታወት አሳዩአቸው። ጉሮሯቸው ላይ ተባይ የሚመስል ምልክት አደረጉባቸው፤ ዓሣዎቹ መስታወት ካዩ በኋላ ጉሮሯቸውን ወለሉ ላይ ያሹ ጀመር። ራሱን አወቀ ወይስ አላወቀም የሚለው ክርክር አሁንም አላበቃም። እኔ እንጃ፤ ጧት ጧት መስታወቱን ስወለውል ፊት ለፊቴ መጥቶ የሚቆመው እሱ ብቻ ነበር።

ታዲያ ለምን አትግዙት እላለሁ? ሥራ ስለሌለው። 2,000 ደንበኛ የለመደ ፍጡር አምስት ዓሣ ያለበት ገንዳ ውስጥ ሲገባ ተባዩ በሁለት ቀን ያልቃል። ከዚያ ወይ የአምስቱን ልጋግ እየነከሰ መግቢያ መውጫ ያሳጣቸዋል፣ ወይ ይከሳል። አንዳንዱ የተከተፈ ሽሪምፕ መብላት ይለምዳል፤ ብዙው አይለምድም። እኛ ቤት ሦስት መጡ። የሁለቱ ሆድ ወደ ውስጥ እየገባ ሲሄድ አይቻለሁ፤ አንዱ ብቻ ተረፈ። እሱን ከባሕሩ ማንሣትም ለባሕሩ ጥሩ አይደለም፤ አጽጂዎቹ ለዓመታት እየተለቀሙ በወጡባቸው የሙከራ ኮራሎች ላይ የዓሣው ብዛት ቀንሷል፣ መጠኑም አንሷል።

ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ የሚገኝ ባለአራት መስመር ዘመድም አለው። ልጅ ሳለ ያጸዳል፤ ሲያድግ ኮራል በሊታ ይሆናል። እሱንም እለፉት። የማጽዳቱን ትርዒት ብቻ ከፈለጋችሁ ጎቢ የሚባሉት ትንንሽ አጽጂዎች አሉ፤ ከዚህ ቤተሰብ ባይሆኑም በገንዳ ውስጥ ተፈልፍለው የሚያድጉ ዝርያዎች ስላሏቸው የቀረበላቸውን ይበላሉ።

ቢጫው ወይስ ባለስድስት መስመሩ?

እውነተኛው ምርጫ እነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

ቢጫው (ሃሊኮይረስ ክራይሰስ) የሎሚ ቀለም አለው፤ ሲያድግ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የቀይ ባሕር ሰው አይደለም፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ነው አገሩ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ለድንጋይ እየዞረ ትል፣ ትንንሽ ቀንድ አውጣና ሌላ ተባይ ይለቅማል፤ ማንንም አይነካም። ሲመሽ አፍንጫውን ወደ አሸዋው ይሰጥና ይጠፋል። እውነት ይጠፋል! አሸዋው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውና ደቃቅ ካልሆነ ቆዳው ይላጣል፤ ወይ መግቢያ አጥቶ ሲዳክር ያድራል። አዲስ ሲመጣ ደንግጦ ሁለት ሦስት ቀን ተቀብሮ ሊቆይ ይችላል። «ሞተ» ብላችሁ አትቆፍሩ። እኔ ቆፍሬ አውጥቼ ሌላ ሦስት ቀን አስቀበርሁት።

ባለስድስት መስመሩ ከሱ ያንሳል፤ ትልቁ 10 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። ወይን ጠጅ በሚመስል ገላ ላይ ስድስት ብርቱካንማ መስመር። ቀይ ባሕር ውስጥም ይኖራል። አሸዋ አያሻውም፤ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ከአፉ በሚያወጣው ልጋግ ተጠቅልሎ፣ ጋቢ እንደተከናነበ ሽማግሌ ያድራል። ጤናው ጠንካራ ነው፤ በትንሽ ገንዳ ይኖራል፤ ያገኘውን ይበላል። እንዲህ ሲባል ከቢጫው የሚበልጥ ይመስላል። ጠባዩ ነው ጉዱ። ገንዳው ውስጥ ቀድሞ ከገባ ቦታው ሁሉ የሱ ነው፤ በኋላ የሚመጣውን ትንሽ ዓሣ እያሳደደ፣ ክንፉን እየነጨ፣ እስኪሞት ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ የሚገባውም ብቻውን ነው። ሁለት ባለስድስት መስመር በአንድ ትንሽ ገንዳ ማለት ሁለት ጎረምሳ በአንድ አልጋ ነው።

የኔ ፍርድ ይኸው፦ ገንዳችሁ ትንሽ ከሆነ፣ የምትፈልጉትም አንድ ንቁ ዓሣ ብቻ ከሆነ ባለስድስት መስመሩን ውሰዱ። መብራት ጠፍቶ ኦክስጅን ሲያንስም እንዴት እንደሚተነፍስ ቢያንስ ከስንጥቁ ውስጥ ይታያችኋል፤ ቢጫው ጨለማ ሲሆን አሸዋ ውስጥ ስለሚገባ ጭንቁን አታዩለትም። ሌሎች ዓሣዎች የሚጨመሩበት ገንዳ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ቢጫው ነው።

ለቡና ቤት ደግሞ ማንም የማያስበው ነገር አለ። ደንበኛ የሚበዛው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ከንፈራሞች ደግሞ የሚተኙት ያኔ ነው። ሰው ከሥራ ወጥቶ ሲመጣ የሚያየው ድንጋይና አሸዋ ይሆናል። ለዚህ መላ አለው፦ የገንዳውን መብራት በሰዓት ቆጣሪ ማሠራት። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ በርቶ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ቢጠፋ፣ የፀሐይ ብርሃንም በቀጥታ ካላገኘው፣ ዓሣው በጥቂት ቀን ውስጥ ሰዓቱን ያስተካክላል። መጀመሪያ ሰሞን በድሮ ሰዓቱ ቢቀበር አትፍረዱበት።

ሽቅርቅሮቹ

ከመልክ ከመልክ እነዚህን የሚያህል የለም። ሰርሂላብረስና ፓራኬይሊነስ የሚባሉት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ከሁለተኛው አንዱ፣ ባለስምንት መስመሩ፣ ከቀይ ባሕር ሌላ አገር የለውም። ወንዱ ክንፉን ወትሮ ቀለሙን ብልጭ ድርግም እያደረገ ሴቶቹ ፊት ይንጎራደዳል። ሰላማውያን ናቸው። ችግራቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚመጣ ጥቃቅን ነገር ስለሚለቅሙ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መመገብ አለባቸው፤ ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ አይሆንም። ሁለተኛ ይዘላሉ። ሌሊት የሆነ ነገር ያስደነግጣቸዋል፤ ጧት ሶፋ ሥር ደርቀው ታገኟቸዋላችሁ። እኔ ያገኘሁት ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ በሳምንቱ። ገንዳው ላይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ካልተደረገ አይገዙም።

ወንድ ብቻውን መግዛትም ስሕተት ነው። ሴት በሌለችበት ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ማንን ሊያሳይ? የሚሻለው ሦስት ትንንሽ ሴቶች መግዛት ነው። አንዷ ራሷ ወንድ ትሆናለች።

ይሄ ቀልድ አይደለም። በቤተሰቡ ውስጥ ጾታ የሚወሰነው በማዕረግ ነው። የካሪቢያኑ ባለሰማያዊ ራስ ዓሣ በጣም የተጠና ነው፤ አባወራው ሲወሰድ ትልቋ ሴት በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ወንድ ማሳደድ ትጀምራለች፣ ከሳምንት ትንሽ ካለፈ በኋላ አካሏም ተለውጦ የወንድ ዘር ታፈልቃለች። አጽጂው ዘንድም እንዲሁ ነው፤ አንድ አባወራ ብዙ ሚስቶቹን ይዞ ይኖራል፣ እሱ ሲሞት የበላይዋ ሚስት በሰዓታት ውስጥ ቦታውን ትይዛለች፤ በሁለት ሳምንት ከግማሽ ገደማ አባት ለመሆን ትበቃለች። ስለዚህ ሻጭ «ወንዱ ውድ ነው፣ ሴቶቹ ርካሽ ናቸው» ሲላችሁ ሴቶቹን ይዛችሁ ውጡ። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ወንዱ በነጻ ይመጣል። ለቢጫውም ይሠራል። ለባለስድስት መስመሩ ግን አትሞክሩት፤ ወንዱ ሳይመጣ ጦርነቱ ይመጣል።

ሲያዩአቸው የሚያታልሉ

ኮሪስ አይጉላ ትንሽ ሳለ ነጭ ሆኖ ጀርባው ላይ ሁለት ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለው የሚያሳሳ ነገር ነው። ሲያድግ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ባለመንቆሩ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ዕረፍትም አያውቅም፤ ቡና ቤት ውስጥ ያለ ገንዳ ለሱ ጠርሙስ ነው። በጀርመናዊው ተጓዥ በሩፔል ስም የተሰየመው የቀይ ባሕር ዝርያም (ሰውየው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ድረስ መጥቶ ነበር) መልኩ ግሩም፣ ጠባዩ ክፉ ነው። ናፖሊዮን የሚባለው ግንባረ ጉብጡ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ፣ እስከ 190 ኪሎ የሚመዝን ነው፤ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ትንሹን «ላምጣልህ» የሚል ካለ እምቢ በሉት።

ጨውም ማሞቂያም ለማይቻላችሁ

የትምህርት ቤት ክበብ ያላችሁ መምህራን ስትጠይቁኝ ደግሞ የምመልሰው ሌላ ነው፤ ደሴ አጠገብ ካለው ከሐይቅ የሚጠመደው ቆሮሶ (ቲላፒያ)። ቆሮሶ ከንፈራም አይደለም፤ ግን ጉሮሮው ውስጥ ያው ሁለተኛ መንጋጋ አለ። በዚህ ምክንያት ሳይንቲስቶች የቆሮሶን ወገንና ከንፈራሞችን ለረጅም ጊዜ በአንድ ጎራ መድበዋቸው ኖረዋል፤ ኋላ የዘረ መል ጥናት ሲመጣ መንጋጋውን ለየብቻቸው ያገኙት መሆኑ ታየ። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የባዮሎጂ ትምህርት የት ይገኛል? ወንዱ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጉድጓድ ይሠራል፣ ይጠብቃል፣ ይጣላል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ሲደነግጡ ተመልሰው እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። ጾታ መለወጥ የለም፤ ያን በሥዕል አሳዩአቸው።

ጨው አያስፈልገውም፤ ወደ 20 ዲግሪ በቀዘቀዘ ውሃም ይኖራል፣ ለመራባት ግን ሞቅ ማለት አለበት። ጣት የሚያህሉትን ከአጥማጆች ለምናችሁ ውሰዱ። ያድጋሉ፤ መዳፍ ሲያህሉ ገንዳው ይጠባቸዋል። የዚያን ጊዜ መጥበሻ አለ። ወደ ሐይቁ መልሱ አልልም፤ ገንዳ ውስጥ የከረመ ዓሣ በሽታ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ከውጭ የመጣ ዓሣ ደግሞ ሐይቅም ሆነ ጎረቤቱ አርዲቦ ሐይቅ ፈጽሞ እንዳይገባ። ቆሮሶው ራሱ ሐይቅ ውስጥ በሰው እጅ የገባው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ነው፤ አንዴ ከገባ በኋላ ማውጣት የሚባል ነገር የለም።

ወንድም ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ፣ ቢጫው ይሁን» አለ። ዓሣው ገና አልመጣም። እስካሁን የገዛው ሰዓት ቆጣሪውንና የባትሪ ፓምፑን ነው፤ ለአሸዋው ደግሞ የግንባታ አሸዋ አስጭኖ ሊያመጣ ሲል ደርሼ አስቆምሁት። ሹል ነው፤ ቢጫውን ይልጠዋል።